ደሴ ላይ የኮሪያ ታሪካዊ ድራማ ማስጫን ለምትፈልጉ፦ "ዴቢዎቹ" የሚለውን ፎልደር ሳትይዙ እንዳትወጡ

ደሴ ላይ ፍላሽ የሚጭን ሱቅ ሞልቷል፣ ከፒያሳ እስከ ሙጋድ በየበሩ አለ፣ ግን የኮሪያን የቤተ መንግሥት ድራማ አውቆ፣ የትኛው ንጉሥ ከየትኛው እንደሚቀድም ለይቶ የሚጭን እኔ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። አራዳ ጋ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት ቅያስ ላይ ናት፣ ታፔላ የላትም፣ በሩ ላይ "ፊልም እንጭናለን" የሚል ወረቀት ነው የተለጠፈው። ጠባብ ናት፣ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ አግዳሚ ወንበር በቃ። ሱቋን የያዘችው ወጣት ልጅ ናት፣ ደሞ ሥራዋን ከልቧ የምትወድ ልጅ። በአጭሩ ከፈለጋችሁ፦ ሂዱ። ለምን እንደምላችሁ ግን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ከድራማው ጋር የምትሰጠው ነገር ሌላ ቦታ የለም።

"ዴቢዎቹ" የሚል ፎልደር አላት። ዴቢ የምትባለው ንጉሡ ባሏ የሞተባት እቴጌ ናት፣ ድራማ የምታዩ ሰዎች "ዴቢ ማማ" እያሉ መሬት ድረስ ሲሰግዱላት አይታችኋል። ብዙ ጊዜ እኮ ድራማው የወጣቱ ንጉሥና የምትወደው ልጅ ፍቅር ነው፣ ዴቢዋ ከኋላ ተቀምጣ ተንኮል የምትሸርብ ክፉ አሮጊት ሆና ነው የምትቀርበው፣ እኛም እሷ ስትመጣ እያለፍን እናያለን። ልጅቷ ግን ድራማዎቹን የደረደረችው በነዚህ ሴትዮዎች ነው። አንድ ዴቢ፣ አንድ ፎልደር፣ ውስጡ ስለሷ ዘመን የተሠሩት ድራማዎች በየክፍላቸው፣ ከዛ ደሞ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ አለ፣ ፕሪንት ከፈለጋችሁም አውጥታ ትሰጣችኋለች። ገጹ ላይ እውነተኛዋ ሴት ማን እንደነበረች፣ መቼ እንደተዳረች፣ መቼ ባሏ እንደሞተ፣ ከዛ በኋላ ምን እንደሆነች ተጽፏል። ድራማው የጨመረው ነገር ካለም "ይሄ ፈጠራ ነው" ብላ ለይታ አስቀምጣዋለች። እኔ በዚህ ምክንያት ብቻ ሌላ ቦታ አልሄድም።

ለምን መለየቱ እንዳስፈለገ የገባኝ ከዚህ በፊት ሌላ ሱቅ አስጭኜ ነው። ጆንግሱን የሚባሉ ሁለት እቴጌዎች አሉ፣ በ300 ዓመት ነው የሚራራቁት። የመጀመሪያዋ የዳንጆንግ ሚስት ናት፣ ልጅ ንጉሥ ነበር፣ አጎቱ ሴጆ በ1455 (የኮሪያዎቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ዙፋኑን ቀማውና በ1457 ተገደለ፣ ገና 16 ዓመቱ ነበር። እሷ ደግሞ ከቤተ መንግሥት ወጥታ እስከ 1521 ኖረች፣ ከ60 ዓመት በላይ ያለ ባል ማለት ነው። ጨርቅ ወይን ጠጅ ቀለም እየነከረች በሱ ትተዳደር ነበር ይባላል፣ ኮረብታ ላይ እየወጣችም እሱ ወደሞተበት ወደ ምስራቅ ታይ ነበር ይላሉ። ሁለተኛዋ ደሞ የዮንግጆ ሚስት ናት፣ እሷ ሌላ ጉድ ናት እመጣባታለሁ። ያ ሱቅ የሁለቱን አደባልቆ ጫነልኝ፣ ግማሹ የአንዷ ግማሹ የሌላዋ፣ ልመልስ ስል "ያው ኮሪያ አይደል" ተባልኩ። በጣም ነው የተናደድኩት፣ የሰው ሕይወት እኮ ነው።

ወደ ፎልደሩ ልመለስ። በጣም የወደድኩት የጃዊ ዴቢን ነው፣ እሷን ሳያዩ ሌላውን ባትጀምሩ ይሻላል። ይቺ ሴት በ1624 ተወለደች፣ በ1638 ለንጉሥ ኢንጆ ሁለተኛ ሚስት ሆና ገባች፣ ልጅ ነበረች፣ ልጅም አልወለደችም፣ በ1649 ባሏ ሞተ። ዙፋኑን የያዘው የእንጀራ ልጇ ሂዮጆንግ በ5 ዓመት ይበልጣታል። እሱ በ1659 ሲሞት ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ጠብ ተነሳ፣ ስለ ግብር አይደለም ስለ ጦርነትም አይደለም፣ ጃዊ የሀዘን ልብስ ስንት ጊዜ ትልበስ በሚል ነው። ሂዮጆንግ ሁለተኛ ልጅ ስለነበር አንድ ዓመት ይበቃል አሉ አንዱ ቡድን፣ ንጉሥ ሆኖ የሞተ ሰው እንደ በኩር ነው የሚቆጠረው ሦስት ዓመት ትልበስ አሉ ሌሎቹ። አንድ ዓመት የሚሉት አሸነፉ። ከዛ በ1674 የሂዮጆንግ ሚስት ስትሞት ያው ጠብ እንደገና ተነሳ፣ ጃዊ አሁንም አለች፣ ለምራቷ ዘጠኝ ወር ትልበስ ወይስ አንድ ዓመት? በዚህኛው ግን ንጉሡ አንድ ዓመት ብሎ ወሰነ፣ ዘጠኝ ወር ያሉት ባለሥልጣኖች ከሥልጣን ወረዱ፣ ተሰደዱ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሰውነቷ ላይ ባለ ልብስ መንግሥት ተገለበጠ ማለት ትችላላችሁ።

ይሄን ልጅቷ ስታወራልን ወንበሩ ላይ ነጠላ ያደረጉ አንዲት ትልቅ ሴት ተቀምጠው ነበር፣ ለልጃቸው ልጅ ትርጉም ፊልም ሊያስጭኑ መጥተው ነው። ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣

"ታዲያ እሷን ጠየቋት?" አሉ።

"ማንን እማማ?"

"ሴትዮዋን ነዋ። ስንት ጊዜ ልልበስ እንዳለች።"

ልጅቷ ትንሽ ዝም አለች። "ማንም አልጠየቃትም እማማ፣ ወንዶቹ ናቸው የተጨቃጨቁት።"

"አይ የሰው ነገር" ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ራሳቸው ሀዘን የሚያውቁ ሰው ናቸው፣ ያስታውቃል። እኛ ወሎ ላይ ሀዘን ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፣ ክርስቲያኑ ጥቁር ለብሶ አርባውን ይጠብቃል፣ ሙስሊሟ እህታችን ባሏ ሲሞት አራት ወር ከአስር ቀን ኢዳ ትቀመጣለች፣ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያጽናናታል፣ ምግብ ያመጣላታል። ጃዊ ጋ ግን የምታለቅስበት ጊዜ እንኳን የሷ አልነበረም፣ የቡድኖች መዋጊያ ሆነ። ድራማው ላይ ይሄ ጉዳይ ወንዶቹ ቆመው ወረቀት ሲያነቡ ነው የሚያልፈው፣ እሷ በአንድ ክፍል ውስጥ ለትንሽ ደቂቃ ትታያለች፣ ነጭ የሀዘን ልብስ ለብሳ፣ እነሱ ጋ ሀዘን ነጭ ነው። ልጅቷ የትኛው ክፍል ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ ገጹ ላይ ጽፋዋለች። ይሄን ያህል ጥንቃቄ!

ሁለተኛዋ ጆንግሱን። በ1759፣ በነሱ የዕድሜ አቆጣጠር በ15 ዓመቷ ለ66 ዓመቱ ንጉሥ ዮንግጆ ተዳረች። አስቡት፣ የእንጀራ ልጇ ልዑል ሳዶ በ10 ዓመት ነው የሚበልጣት። ሳዶ በ1762 አባቱ በሩዝ ሳጥን ውስጥ አዘግቶበት በ8 ቀን የሞተው ልዑል ነው፣ ድራማ የምታዩ ታውቁታላችሁ። በ1776 ንጉሡ ሞተ፣ እሷ 30 ዓመቷ አካባቢ ናት፣ የሳዶ ልጅ ጆንግጆ ነገሠ፣ እሷ ከእድሜው ብዙም የማትርቅ "አያት" ሆና ተቀመጠች። ንጉሡ ጠዋትና ማታ መጥቶ ጤናሽ እንዴት ነው ብሎ መስገድ አለበት፣ ቢጠላትም፣ ደንቡ ነው። በ1800 ጆንግጆ ሞተና ሱንጆ በ10 ዓመቱ ነገሠ፣ ያኔ ነው የሷ ጊዜ የመጣው። በነሱ ደንብ ንጉሡ ልጅ ከሆነ በቤተ መንግሥቱ ያለችው ትልቋ ዴቢ ከቀርከሃ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ትገዛለች። ሚኒስትሮቹ ድምጿን ይሰማሉ ፊቷን አያዩም።

ድራማዎቹ እሷን ጥቁር አድርገው ነው የሚስሏት፣ ከሁሉም ክፉ። እውነት ነው በ1801 ካቶሊኮችን ክፉኛ አሳድዳለች፣ ብዙ ሰው ተገድሏል፣ ይሄን ማንም ሊያስተባብል አይችልም። ግን በዛው ዓመት የመንግሥት ባሪያዎች መዝገብ ተቃጥሎ ከ66 ሺህ በላይ ሰው ነፃ የወጣውም በሷ ጊዜ ነው። ይሄን አንድም ድራማ ላይ አላየሁትም፣ የልጅቷ ገጽ ላይ ነው ያገኘሁት። ሁለቱንም አብራ አስቀምጣዋለች፣ ጥሩ ናት መጥፎ ናት ብላ አልፈረደችም። እኔ ብሆን የቱን እንደማስቀድም አላውቅም፣ ግን አንዱን ደብቆ ሌላውን ብቻ ማሳየት ልክ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

የኢንሞክ ፎልደር አጭር ነው፣ ከባድ ደሞ ነው፣ ልጅ ያላችሁ እናቶች ብቻችሁን ባታዩት። ባሏ ንጉሥ ሶንጆ በ1608 ሞተ፣ የእንጀራ ልጇ ጓንግሄ ነገሠ፣ አባቷ በ1613 ተገደለ፣ ትንሹ ልጇ በዓመቱ ተገደለ፣ እሷ ከሴት ልጇ ጋር እስከ 1623 ተዘግቶባት ኖረች። መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ የመጡት ሰዎች በመጀመሪያ የፈለጉት እሷን ነው፣ ምክንያቱም አዲሱ ንጉሥ ሕጋዊ የሚሆነው ዴቢዋ ስታጸድቀው ነው። ትናንት እነ ጓንግሄ ማዕረጓን ገፈው የዘጉባት ሴት ዛሬ "ይንገሥ" እንድትል ይጠብቃሉ። እዚህ ጋ ድራማው ራሱ በጣም ጥሩ ነው፣ ተዋናይዋ ምንም ሳትናገር ነው የምትጨርሳችሁ።

የመጨረሻዋን ግን ረጋ ብላችሁ እዩአት፣ ሲንጆንግን፣ ጆ ዴቢ የሚሏትን። ባሏ አልጋ ወራሽ ነበር፣ ሳይነግሥ በ1830 በ20 ዓመቱ ሞተ። ልጇ በ7 ዓመቱ ነገሠ፣ ግን ከመጋረጃው ጀርባ የተቀመጠችው እሷ ሳትሆን አማቷ ናት። ልጇም በ1849 ሞተ፣ በ20ዎቹ መጀመሪያ። የሚተካውን ንጉሥም አማቷ መረጠች፣ ካንግሁዋ ከምትባል ደሴት ገበሬ ሆኖ የሚኖር ዘመድ አመጡ። ይቺ ሴት ባል ቀበረች፣ ልጅ ቀበረች፣ ዝም ብላ ተቀመጠች። አማቷ በ1857 ሞተች። ከዛ በ1864 መጀመሪያ ያም ንጉሥ ወራሽ ሳይተው ሲሞት የንጉሡን ማኅተም ቶሎ ብላ በእጇ አስገባችና የ11 ዓመቱን ጎጆንግን አነገሠች። ከ30 ዓመት በላይ ጠብቃ! እስከ 1890 ኖረች።

ለሷ የተሠራ ቤት ጊዮንግቦክ ቤተ መንግሥት ውስጥ ዛሬም ሴኡል ላይ አለ፣ ጃግዮንግጆን ይባላል፣ አሁን የቆመው በ1888 እንደገና የተሠራው ነው። ልጅቷ የዚህን ቤት ጭስ ማውጫ በከለር ፕሪንት አድርጋ ከገጹ ጋር ትሰጣለች፣ እኔ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እነሱ ቤት የሚያሞቁት ከወለሉ ሥር እሳት አንድደው ጭሱን በመሬቱ ስር እያዞሩ ነው፣ የብዙ ክፍሎች ጭስ ተሰብስቦ በአንድ ግድግዳ በሚመስል ሰፊ ጭስ ማውጫ ይወጣል። ግድግዳው ቀይ ጡብ ነው፣ መሐሉ ላይ በሸክላ የተሠሩ ነገሮች አሉ፦ ጥድ፣ ቀርከሃ፣ አጋዘን፣ ኤሊ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች፣ ደመና፣ ፀሐይ። ሁሉም የረጅም ዕድሜ ምልክት ናቸው። በጎኑ ያለው ግንብ ላይ ደሞ አበባ አለ። ደጋግሜ ሳየው የሚገርመኝ፣ ባሏም ልጇም በ20ዎቹ የሞቱባት ሴት መስኮት ጀርባ ዕድሜ ይብዛልሽ ብለው መሳላቸው ነው። ደስ ይበላት ብለው ነው መቼስ፣ እኔን ግን ሆዴን ያባባኛል። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ቤቴ ሲቀዘቅዝ ደሞ ያ ከሥሩ የሚሞቅ ወለል ያምረኛል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህን ሳይ ስለ እኛዋ ወይዘሮ ወርቂት አስባለሁ። ወሎን በልጃቸው ስም የገዙ ሴት ናቸው፣ ልጃቸው መቅደላ ላይ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ነበር። ምኒልክ በኛ አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጦ በግዛታቸው ሲያልፍ ይዘው ሊመልሱት ይችሉ ነበር፣ አሳለፉት፣ ልጃቸው በዚህ ምክንያት ተገደለ። ይሄ ከመጋረጃ ጀርባ ካሉት ሴቶች የሚያንስ ታሪክ ነው? ደሴ ላይ ስንቱ ወጣት የኮሪያዋን ዴቢ ስም ይጠራል የወርቂትን አያውቅም። ልጅቷን ስለሳቸውም አንድ ገጽ ጻፊ ብያታለሁ፣ "መረጃውን ልሰብስብ እንጂ እጽፋለሁ" ብላኛለች፣ እኔም የማውቀውን እየጻፍኩላት ነው። ለወላጆቻችን ኮሪያ ማለት ቃኘው ሻለቃ ነበር፣ ለኛ ድራማው ሆኗል፣ ሁለቱም እውነተኛ ሰዎች የኖሩበት ነው።

አሁን ስለ አገልግሎቱ። ዋጋዋ ከሌላው ትንሽ ከፍ ይላል፣ አንድ ሙሉ ፎልደር ሁለት ማኪያቶ የምትጠጡበት ብር አካባቢ ነው፣ ገጹን ስታስቡት ግን ርካሽ ነው። ከድሮ ደንበኛና ከአዲስ አታዳላም፣ ተራ ትጠብቃላችሁ። ተራው ግን ረጅም ነው፣ ቅዳሜ በተለይ ተማሪው ሁሉ እዛ ነው፣ መብራት ከሄደ ደሞ ጄኔሬተር የላትም ቁጭ ብላችሁ ነው የምትጠብቁት። አንዳንዱ ድራማ ላይ የእንግሊዝኛው ሰብታይትል ከድምፁ ይቀድማል፣ የኢንሞክ ላይ ይሄ ችግር አለ፣ ነግሬያታለሁ ለማስተካከል እየሞከረች ነው። የአማርኛ ትርጉም ያላቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፣ እናቶቻችን የሚያዩት ደሞ እሱን ነው፣ ስለዚህ ለእናታችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የንጉሦቹ ስም አጻጻፍ በየገጹ ይለያያል፣ አንዱ ጋ ጆንግጆ ሌላው ጋ ቾንግጆ፣ ይሄ አንድ ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነበር፣ አዲስ ሰው ይደናገራል።

የጎደለው ትልቁ ነገር የኢንሱ ዴቢ ፎልደር ነው። ባሏ አልጋ ወራሽ ሆኖ በ1457 የሞተባት፣ ልጇ ሶንግጆንግ በ1469 ሲነግሥ ወደ ላይ የወጣችው፣ በ1475 ለሴቶች የሥነ ምግባር መጽሐፍ ያዘጋጀችው፣ ከልጅ ልጇ ከዮንሳን ጋር ተጣልታ በ1504 የሞተችው። ሶንግጆንግ ቻንግጊዮንግ ቤተ መንግሥትን ያሠራው ለሷ፣ ለአያቱና ለአጎቱ ሚስት ነው፣ ሦስቱም ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ በ1484 ነው ያለቀው፣ አያቱ ጆንግሁይ ግን ሳያልቅ ሞታለች። ይቺ አያት ደሞ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ለመግዛት የመጀመሪያዋ ናት። ሦስቱ አንድ ላይ አንድ ፎልደር ቢሆኑ እንዴት ያምር ነበር! እየሠራሁት ነው ብላለች፣ ክፍሎቹ ተሟልተው ስላላገኘች ነው የዘገየው።

ለጀማሪ የኔ ምክር፦ መጀመሪያ ጃዊ፣ ቀጥሎ ሲንጆንግ፣ ከዛ ጆንግሱን፣ ኢንሞክን መጨረሻ ላይ። ገጹን ከድራማው በፊት አታንብቡት፣ ግማሽ ላይ ስትደርሱ አንብቡት፣ ያኔ ነው የሚጥመው። ፋይሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ፍላሻችሁ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጂቢ በላይ ያለውን አይቀበልም፣ እዛው ፎርማት ታደርግላችኋለች ግን ውስጡ ያለውን ፎቶ ምናምን ቀድማችሁ አውጡ። ዓርብ ለጁምዓ ዘግታ ከሰዓት ነው የምትከፍተው፣ እሁድ ሙሉ ቀን ዝግ ናት፣ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ከሄዳችሁ ወንበሩም ባዶ ነው እሷም የማውራት ጊዜ አላት።